ስለ ፓራጃኖቭ ጠይቁ፦ የደሴ ፊልም ወዳጆች ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ የዛሬው ሰው ሰርጌይ ፓራጃኖቭ ነው። በ1924 ትብሊሲ የተወለደ አርመናዊ፣ የሶቪየት ፊልም ዳይሬክተር። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። «የሮማን ቀለም» የተባለውን ፊልሙን እያስሮጣችሁ ያያችሁ አትጠይቁኝ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ በምን ተከሶ ነው የታሰረው?

መላሽ፦ በ1973 መጨረሻ ተያዘ። ዋናው ክስ ግብረ ሰዶም ነበር፤ አምስት ዓመት ፈረዱበት። ነገር ግን በ1968 የፖለቲካ ችሎቶችን ተቃውመው ለሶቪየቱ መሪ ለብሬዥኔቭ ከጻፉት 139 ፈራሚዎች አንዱ ነበር። ቂም ተይዞበታል።

ከሐይቅ፦ ፊልሙ አልገባኝም።

መላሽ፦ ይሄ ጥያቄ ነው? የቱ ቦታ?

ከሐይቅ፦ መጻሕፍቱ እንደ በርበሬ ጣሪያ ላይ የተሰጡበት።

መላሽ፦ አሁን ጠየቅክ! ዝናብ ያራሳቸው የገዳም መጻሕፍት ናቸው። ነፋሱ ገጾቹን ይገልጣል፣ ልጁ መሃላቸው ተጋድሟል። ያ ልጅ ነው አድጎ ባለቅኔው ሳያት ኖቫ የሚሆነው። ካሜራው ንቅንቅ አይልም። ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ቆሞ ያያችኋል፤ አያያዙ ከአርመን የብራና ሥዕል የመጣ ነው። መንግሥት ወዛደርና ትራክተር ሲጠብቅ እሱ ብራናና መስቀል አመጣ። የባለቅኔውን ስም ከርዕሱ አስነሡት። ፊልሙንም ዩትኬቪች ለሚባል ዳይሬክተር ሰጥተው እንደ አዲስ አስቆረጡት። ስለዚህ ቅጂውን ለዩ!

ከባቲ፦ ሳያት ኖቫ እኮ አዝማሪ ነው። ባቲ ላይ ቢያዜመው...

ከአምባሰል፦ ባቲን ምን አመጣው? ለዚህ ሐዘን አምባሰል ነው እንጂ።

ከባቲ፦ ወላሂ አንተ ባቲ ሰምተህ አታውቅም!

መላሽ፦ ቅኝቱን ሌላ ቀን ተጣሉበት።

ከሸዋ በር፦ ለምን ታሰረ?

መላሽ፦ ከላይ አንብብ።

ከወልዲያ፦ እስር ቤት ምን ይሠራ ነበር?

መላሽ፦ ካሜራ የለ። የወተት ጠርሙስ ክዳን ይለቅማል። ስስ አሉሚኒየም ነው፤ በጥፍሩ እየጫረ የፑሽኪንን ፊት ያወጣበታል። ታለር ይላቸው ነበር፣ እንደ ማርትሬዛችን። ከጆንያም አሻንጉሊት ሰፍቷል። ዬሬቫን ባለው ሙዚየሙ ከእጅ ሥራዎቹ ብዙ አሉ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አራጎን ብሬዥኔቭን ለምኖለት በ1977 መጨረሻ ወጣ። ፊልም ግን ማን ይስጠው! በ1982 ደግመው አሰሩት። ቀጣዩ ሙሉ ፊልሙ ሲወጣ 1985 ሆኗል። በ1990 ሞተ።

ከኮምቦልቻ፦ የእኛስ ደርግ ፊልም ሠሪዎችን...

መላሽ፦ እሱን ለሌላ መላሽ።

ከሸዋ በር፦ ሊንክ አለ?

መላሽ፦ የለም። በ2014 ጣሊያን፣ ቦሎኛ ላይ የታደሰውን ፈልጉ። የዩትኬቪችን ቅጂ፣ ያውም እያስሮጣችሁ አይታችሁ «ፓራጃኖቭን አየን» እንዳትሉኝ።