የላንቃ መጋጠምና የቁስል መዳን አንድ ናቸው ወይ?

አብሽሪ እህቴ። ለደሴ አዋላጆች ለምታዘጋጂው ገለጻ «ላንቃ በማህፀን ሲጋጠምና ቆዳ ሲድን አንድ ሂደት ነው? የተሰፋ ላንቃስ ለምን ተመልሶ ይበሳል?» ብለሻል። የሁለቱም መልስ አንድ ነው፦ ሽፋን (የአፍንና የቆዳን ላይ የሚያለብሰው የሕዋሳት ንጣፍ) ከሽፋን ጋር አይዋሃድም።

ከተፀነሰ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ሁለት የላንቃ ክንፎች ከላይኛው መንጋጋ ወጥተው በምላስ ግራና ቀኝ ቁልቁል ያድጋሉ። በኋላ ከምላስ በላይ ተነሥተው አግድም ይዘረጋሉ፤ ከዚያም እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ወደ እንጥል እያመሩ ይጋጠማሉ። ሲነካኩ ግን ገና አልተዋሃዱም። የሁለቱ ሽፋን ሕዋሳት መሃል ላይ ስስ ግድግዳ ሠርተው ይቆማሉ፤ ያ ካልፈረሰ ላንቃ የለም። ከሕዋሳቱ አብዛኞቹ በራሳቸው ፕሮግራም ይሞታሉ፣ ሌሎቹ ወደ አፍና ወደ አፍንጫ በኩል ይሸሻሉ። ትእዛዙን ከሚያስተላልፉት ዋናው ቲጂኤፍ-ቤታ 3 የተባለው ፕሮቲን ነው፤ ጂኑ የተወገደባቸው አይጦች ላንቃቸው ተሰንጥቆ ይወለዳሉ።

ቁስል ላይም የዚሁ ፕሮቲን ቤተሰብ ይሠራል፤ የዳር ሕዋሳትም ከጎረቤቶቻቸው ተላቀው ይጓዛሉ። ግቡ ግን ተቃራኒ ነው፦ ላንቃ ላይ ሽፋኑ ይጠፋል፣ ቁስል ላይ ክፍቱን ያለብሳል። ላንቃው ያለ ጠባሳ ይጋጠማል፤ የዳነ ቆዳ ግን ቢበዛ ከቀድሞ ጥንካሬው 80 ከመቶ ያህሉን ነው የሚመልሰው።

ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ሲሰፋ ቀዶ ሐኪሙ የስንጥቁን ዳር በምላጭ የሚከፍተው ለዚህ ነው፤ ከተወለደ ልጅ ሽፋኑ በራሱ አይጠፋም። ሥጋ ከሥጋ እንዲገናኝ አድርጎ የአፍንጫውን በኩል፣ ጡንቻውንና የአፉን በኩል ለየብቻ ይሰፋል። ስፌቱ ከተወጠረ ደም በደንብ አይደርሰውም፣ ዳሩም ይላቀቃል። ያኔ ሽፋኑ የቀዳዳውን ዙሪያ ያለብሰዋል። ከለበሰ በኋላ በራሱ ይዘጋል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበሳው ጠንካራውና ለስላሳው ላንቃ የሚገናኙበት ነው።

ስለዚህ እናቶችን ስትመክሪ፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ2 እስከ 3 ሳምንት የተጣራ አጥሚትና ወተት በኩባያ፣ በተመገበ ቁጥርም ተከትሎ ንጹሕ ውሃ። ማንኪያ ወደ ውስጥ አይግባ፣ ቆሎና ደረቅ ዳቦ አይነካ፣ ጣቱንም እንዳያስገባ ክንዱ ይታሰር። ቀዶ ሐኪሙ ሌላ ካዘዘ የእሱን ተከተሉ።

እንጥሉ ለሁለት የተከፈለ ሕፃን ካጋጠመሽ ላንቃው ላይ ላዩን ሙሉ ቢመስልም ከሥር ጡንቻው ሳይጋጠም ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በጣትሽ የጠንካራውን ላንቃ የኋላ ጫፍ ዳብሺ፤ መሃሉ ጎድጎድ ካለ ወደ ሐኪም ላኪው። እባክሽ ይህን ለቤተሰቦችም ንገሪልኝ፤ እንጥል ማስቆረጥ ከሌላው ጉዳቱ በተጨማሪ ይህንን ምልክት ያጠፋዋል።