«ደረታቸውን አሟቸው አያውቅም» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። አባትሽ እዚህ አሜሪካ ልብ ከተቀየረላቸው 6 ዓመት ሆኗቸዋል። በዘንድሮው ምርመራ «የልባቸው ደም ስሮች ጠበዋል» ተባለ። አንቺም «ደረታቸውን አሟቸው አያውቅም፣ ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?» ብለሻል። እኔም የሰው ልብ ይዤ የምኖር ነኝ፤ ደም ስሬም እንደሳቸው ጠቧል።

የለጋሹ ልብ ሲወጣ ነርቮቹ አብረው ይቆረጣሉ። ሐኪሞቹ ትልልቆቹን ደም ስሮች ይሰፋሉ እንጂ ነርቭ አይቀጥሉም። አንዳንዱ ሰው ላይ ከጊዜ በኋላ በከፊል ተመልሶ ያድጋል። ብዙዎቻችን ግን ልባችን ደም ቢያጥረውም ደረታችን አይነግረንም። በየጊዜው አንጂዮግራም፣ ማለትም የልብ ደም ስር በቀለም የሚታይበት ምርመራ፣ የሚሠሩልንም ለዚህ ነው። እናንተ ቤት ውስጥ ማየት ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው፦ የትንፋሽ ማጠር፣ ያለወትሮ መድከም፣ የእግር ማበጥ፣ ራስን መሳት።

አባቶቻችን ደግሞ እዚህ ላይ ያስቸግራሉ። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። አስተርጓሚውም እንዳለ ያስተላልፈዋል። በቃ፣ አለቀ! አንቺ አብረሻቸው ግቢ። ድሮ በአንድ ትንፋሽ የሚወጡትን ደረጃ አሁን እየቆሙ የሚወጡት ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው። ቢቆጡሽም ንገሪው።

ይሄ ነገር እሳቸው ላይ ብቻ የመጣ አይደለም። ከንቅለ ተከላ በኋላ በ5ኛው ዓመት ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ላይ፣ በ10ኛው ዓመት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ላይ ይታያል። ቅባት ስለበሉ ብቻ የሚመጣም አይደለም። ሰውነት ልቡን «ባዕድ ነው» ብሎ ቀስ በቀስ ሲጎዳው የደም ስሩ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ይወፍራል። ዘመድ ሁሉ «ስቴንት ይግባላቸውና ይገላገሉ» ይላል። ስቴንት ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ለጠበበ ደም ስር ጥሩ ነው። ርዝመቱን ሙሉ ለጠበበ ግን ብዙም አያግዝም።

ለኔ የተደረገው የመድኃኒት ለውጥ ነው። ሲሮሊመስ የሚባለው ተጀመረልኝ፤ መጥበቡን ያዘገየዋል። ግን አፍ ያቆስላል። በርበሬ ለለመደ ሰው ይሄ ቀላል ፈተና አይደለም፤ ስንት ቀን አልጫ ብቻ በልቼ አድሬያለሁ። ቁስልም ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል። ስለዚህ አባትሽ ቀዶ ሕክምና ካላቸው፣ ጥርስ ማስነቀልም ቢሆን፣ ቀድማችሁ ለልብ ሐኪማቸው ንገሩ። ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ደግሞ ኮሌስትሮል ባይኖርባቸውም ይሰጣቸዋል፤ አትገረሚ።

ኩላሊታቸውንም ጠይቂ። ታክሮሊመስ የሚባለው መድኃኒት ሰውነት ልቡን «ባዕድ ነው» ብሎ እንዳያጠቃው ይጠብቃል፣ ኩላሊቱን ግን በዓመታት ውስጥ ይጎዳል። ጉልበታቸውን ሲያማቸው አይቡፕሮፌን የሚውጡ ከሆነ ዛሬውኑ ከቤት አውጪው።

ስለ ፆም ላነሳሽውም፣ ታክሮሊመሱ ጠዋትና ማታ የሚወሰደው ዓይነት ከሆነ በ12 ሰዓት ልዩነት ነው። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ» አይባልም። የንስሐ አባታቸውን አነጋግሪ፤ ካንቺ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ። ለምርመራ ደም የሚሰጡበት ቀን ብቻ የጠዋቱን ኪኒን ደሙ ከተቀዳ በኋላ ይዋጡ፤ አለዚያ በደማቸው ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ ልክ የተሳሳተ ይወጣል። ጠበልም ይጠመቁ፣ ማን ይከለክላል? መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ።

«ተስፋ አላቸው ወይ?» ላልሽው፣ መጥበቡ ደረጃ አለው። ከ1 እስከ 3 ይሰጡታል፤ 1 ቀላሉ ነው፣ 3 ከባዱ። ልቡ ራሱ መድከም ከጀመረ ሁለተኛ ንቅለ ተከላ የሚያገኙ አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው፣ ዕድሜና ኩላሊትም ይታያል። በሚቀጥለው ቀጠሮ «ደረጃው ስንት ነው? ልባቸው ደም የሚገፋበት አቅምስ ካምናው ቀንሷል?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን እዚሁ ጻፊልኝ፣ እንነጋገርበታለን።