«ለጊዜው ነው» እያልን

በተከራየሁት ቤት 11 ዓመት ስኖር ግድግዳው ላይ አንዲት ምስማር አልመታሁም። የእናቴ ፎቶ ከአገር ስወጣ በጠቀለልኩበት ፎጣ እንዳለ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ለምን አትሰቅለውም ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው፦ «ለጊዜው እኮ ነው»። ሁለት ዓመት ሠርቼ፣ ትንሽ ቋጥሬ ልመለስ ነበር የመጣሁት። ሁለቱ አምስት ሆነ፣ አምስቱ አሥር።

የብዙዎቻችን በሽታ ይህቺ «ለጊዜው» ነች። ትዳሩ የመኖሪያ ወረቀት እስኪገኝ፣ ትምህርቱ ዕዳው እስኪያልቅ፣ ዕረፍቱ አገር ቤት የተጀመረው ግንባታ እስኪጠናቀቅ ይቆያል።

ደግሞ ሁለት ሰዓት ተሸክመን ነው የምንዞረው። ዋሽንግተን ያለን ሰዎች ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነን፤ ፈረንጆቹ ሰዓታቸውን ሲያዛውሩ 8 ይሆናል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ከሥራ ስገባ እዚያ ሊነጋ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬን ከፍቼ ምንዛሪው ስንት ገባ፣ ምን ተፈጠረ፣ ማን ሞተ እያልኩ ሌሊቱ ይጋመሳል። ጠዋት ሥራ ላይ ደግሞ ሐሳቤ አልጋዬ ጋ ነው።

አንድ ቀን ልጄ የተነቀለች ጥርሷን በመዳፏ ይዛ መጣች። ስድስት ዓመቷ ነበር። የወተት ጥርስ ጣሪያ ላይ እንደሚወረወር የነገርኳት እኔው ነኝ። እኔ ግን ከወንድሜ ጋር አገር ቤት ስለምናሠራው ቤት ቆርቆሮ በስልክ እየተጨቃጨቅኩ ነበር። ጣቴን አንስቼ «ቆይ» አልኳት። ስጨርስ ተኝታለች፤ ጥርሷ ጠረጴዛው ላይ፣ ሶፍት ላይ ተቀምጣለች። እዚያ ላልኖርኩበት ጣሪያ ስከራከር የልጄ ጣሪያ አመለጠኝ።

በ2010 እ.ኤ.አ. ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን ቀን መሀል በስልካቸው ድንገት እየጠየቁ ምን እየሠሩ እንደሆነና ሐሳባቸው የት እንዳለ መዘገቡ። 46.9 በመቶ ያህል ጊዜ ሐሳባቸው ከያዙት ሥራ ውጭ ነበር። እኔን የነካኝ ግን ሌላው ውጤት ነው፤ ደስ የሚል ነገር ሲያልሙ እንኳ ልባቸው ከያዙት ነገር ጋር ከሆነበት ሰዓት የበለጠ አልተደሰቱም። ያ እንደ ማር የምንልሰው የአገር ቤት ሕልም ማለት ነው።

አገር ቤት መርዳት ይቅር አላልኩም፤ የሚጦር ወላጅ አለን። ግን ለጭንቀቱም ሰዓት ስጡት። እኔ እሑድ ጠዋት ብቻ እደውላለሁ፤ ቤተሰቤም ያውቃል። «የሚያስቸኩል ነገር ካለ አከታትላችሁ ሁለቴ ደውሉ» ብያቸዋለሁ፤ እስካሁን ሁለቴ የጮኸው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ቤት ስገባ ስልኩ በር ላይ በተሰቀለው ካፖርት ኪስ ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ ሰሞን እጄ ባዶ ኪሴን ይዳብስ ነበር፣ እንደ ሲጋራ ሱስ።

ሐኪም ትንፋሽን በመከታተል ልብን መሰብሰብ የሚያስተምር የ8 ሳምንት ሥልጠና ሲያዝልኝ «ፈረንጅ መተንፈስ ሊያስተምረኝ ነው?» ብዬ ስቄያለሁ። ሥልጠናውን ጆን ካባት-ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ነው። ከሱ የቀረችኝ አንዲት ልማድ ናት፤ ከሺፍት ስወጣ ሞተር ሳላስነሳ መኪናው ውስጥ ሦስት ደቂቃ እቀመጣለሁ። የመሪውን ቅዝቃዜ በእጄ እሰማለሁ፣ ትንፋሼን እሰማለሁ፣ ከዚያ ወደ ቤት።

ወረቀቱ ገና ያልተስተካከለለት ሰው «ዛሬን ኑር» ቢሉት ቢናደድ አልፈርድበትም። እሱ ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። ከጠበቃው ጋር ቀጠሮ ባለበት ቀን ይጨነቅበት፤ የቀረውን ቀን ግን ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበት።

ምስማሩን የመታሁት በ12ኛው ዓመት ነው። ለቤቱ ካስያዝከው ዲፖዚት ያስቆርጣል አሉኝ፤ ያስቆርጥ። መዶሻ ስላልነበረኝ ከጎረቤት ተዋስኩ፤ ልጄ ወንበሩን ያዘችልኝ። ፎቶው ትንሽ ወደ ግራ አዘመመ። ትናንት ማታ ሳህን ሳጥብ «አባዬ፣ አያቴ ተጣማለች፣ አቃናት» አለችኝ። «ቆይ» ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት፤ እጄን ጠራርጌ ወንበሩን አመጣሁ።