እህትዎ በችሎት ምን ብላ ተከራከረች?

ጥያቄ፦ ታላቅ እህቴ ባሏን ገድለሻል ተብላ በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ጥፋተኛ ተባለችና 13 ዓመት ተፈረደባት። ቅጣቱ ከተነበበ 9 ቀን ሆኖታል። ሟች ለዓመታት ሲደበድባት እንደኖረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ይህን የሚያውቁ ሰዎችን አልሰማም። የሆነው ራሷን ስትከላከል ነው። ይግባኝ ብለን እነዚህን ሰዎች ብናስመሰክር ትፈታለች? ሽማግሌዎችም ከሟች ቤተሰብ ጋር ሊያስታርቁን ይዘዋል።

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ቀኑ። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 187 መሠረት የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር የሚቀርበው በ15 ቀን ውስጥ ነው። ዝርዝር የይግባኝ ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ይገባል። ማስታወቂያው አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም፤ ጠበቃ እስኪገኝ አይጠብቅ። የጥፋተኝነት ውሳኔው ከቅጣቱ በፊት በሌላ ቀን ተነብቦ ከሆነ በቆጠራው ላይ ክርክር እንዳይነሳ ዛሬውኑ ያስገቡ። የገባበት ቀን የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ እጅዎ ላይ ይቅር።

አሁን ወደ ተዉት ነገር ልምጣ። “ራሷን ስትከላከል ነው” ብለውኛል። እህትዎ ይህን በችሎት ተናግራለች? ደብዳቤዎ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም። ምስክሮቹስ ያልተሰሙት ተቆጥረው ተከልክለው ነው ወይስ ጭራሽ ሳይቆጠሩ ቀርተው? ተቆጥረው ያለ በቂ ምክንያት ከታለፉ ጥሩ የይግባኝ ምክንያት አለዎት። ካልተቆጠሩ ግን ዳኞቹን መውቀስ አይገባዎትም።

በእንዲህ ዓይነት መዝገብ ደጋግሞ የሚታየው ይህ ነው። ተከሳሿ ደንግጣ ለፖሊስ “ራሱ ቢላው ላይ ወደቀ” ትላለች። ቤተሰብም “ካመንሽ አለቀልሽ” ብሎ ያጠነክራታል፤ ክርክሩ በሙሉ “አልገደልኩም” በሚል ያልቃል። ድብደባው የሚነሳው ከተፈረደ በኋላ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ራስን መከላከል ግን “መትቼዋለሁ፤ የመታሁት ግን ሊገድለኝ ሲመጣ ሌላ ማምለጫ ስላጣሁ ነው” ማለት ነው። ሁለቱን ቃል አንድ ሰው ሊይዛቸው አይችልም። ይግባኝ ሰሚው መዝገቡን ሲገልጥ የፖሊስ ቃሏን፣ የእምነት ክህደት ቃሏንና የመከላከያ ምስክሮቿን ጎን ለጎን ያያል። አዲሱን ታሪክ ከፍርድ በኋላ የተፈጠረ አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም፤ “አያስቀርብም” ብሎ፣ ማለትም ዐቃቤ ሕግን ለመልስ ሳይጠራ፣ መዝገቡን ሊዘጋውም ይችላል። አዲስ ማስረጃ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 194 የሚሰማው ፍርድ ቤቱ ራሱ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው እንጂ እኛ ስለፈለግን አይደለም። ሰፈርተኛውን ሰብስቦ ቃል ማስጠናትማ ፈጽሞ አይሞከር። በሐሰት መመስከር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ክዳ ተከራክራ ከሆነ ግን ሁሉም በር አልተዘጋም። ቃሏን ሳትቀይር በዐቃቤ ሕግ በራሱ ማስረጃ ላይ መቆም ይቻላል። ለምሳሌ የዐቃቤ ሕግ ምስክር የሆነች ጎረቤት “መጀመሪያ እሷ ስትጮህ ሰማሁ፤ ከዚያ የሚሰበር ነገር ድምፅ መጣ” ብላ ይሆናል። እንዲህ ያለ አንድ መስመር በአማራጭ “ፍርድ ቤቱ የተረጋገጠ ያለውን ፍሬ ነገር ብንቀበል እንኳ ድርጊቱ ከ540 ይልቅ ቅጣቱ ቀለል ባለው የግድያ አንቀጽ በ541 ሥር ይወድቃል” ለማለት መነሻ ይሆናል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 113 ከተከሰሰችበት ባነሰ ወንጀል ጥፋተኛ ማለትን ይፈቅዳል። ልዩነቱም ቀላል አይደለም፤ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ሲያስቀጣ 541 ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። ነገር ግን 541 የቆየ በደልን ብቻውን አይቀበልም፤ ከመከላከል ወሰን ማለፍን ወይም በዚያው ሰዓት የደረሰ ከባድ ማነሳሳትን ይፈልጋል። ሟች ተኝቶ ከነበረ ወይም ቁስሉ ከጀርባው ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ስለዚህ የአስከሬን ምርመራውን ውጤት ሳያነብ “አስፈታታለሁ” የሚልዎትን ጠበቃ አይመኑ።

ለጠበቃ ፍርዱን ብቻ ይዘው አይሂዱ። የክስ ማመልከቻውን፣ የፖሊስ ቃሏን፣ የምስክሮችን ሙሉ ቃል፣ የሐኪም ማስረጃዎቹንና ብይኑን ይጨምሩ። የምስክሮች ቃል በድምፅ የተቀዳ ከሆነ በጽሑፍ እንዲገለበጥ ያመልክቱ። ግድያው ከተፈጸመበት ቀን በፊት በድብደባው ጤና ጣቢያ ታክማ ወይም ለፖሊስ አመልክታ ከነበረ ካርዱንና የአቤቱታውን ቅጂ ያፈላልጉ፤ ቢያንስ ለቅጣት ማቅለያ ክርክር ሊጠቅም ይችላል። ዐቃቤ ሕግም ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ ማለት እንደሚችል አይርሱ። ለጠበቃ አቅም ከሌላችሁ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብላት በጽሑፍ ትጠይቅ።

ዕርቁን አልቃወምም። የደም ቂምን ያበርድ ይሆናል፤ የወንጀል ክሱን ግን አያስቀርም። ካሳ መክፈልና መጸጸት ለቅጣት ማቅለያ ሊረዱ ይችላሉ። የምፈራው ወረቀቱን ነው። ሽማግሌዎች በቅንነት “ገዳይዋ ጥፋቷን አምና” ብለው ይጽፉና ያ ሰነድ “አልገደልኩም” ከሚለው ይግባኝ ጋር አንድ መዝገብ ውስጥ ይገናኛል። ጠበቃው ረቂቁን ሳያይ እርስዎም ሆኑ ወንድሞችዎ እንዳትፈርሙ፤ እህትዎም ማረሚያ ቤት ድረስ በሚመጣላት ማንኛውም ጽሑፍ ላይ አትፈርም።