አንጀት ሲዘጋ ቤት ውስጥ ምን ይደረጋል? ለሰቃዋ እህቴ

ጥያቄሽን ሦስቴ አነበብኩት። እናትሽ 63 ዓመታቸው ነው። የአንጀት ካንሰራቸው ሆድ ዕቃቸው ውስጥ ተሰራጭቷል። ሆዳቸው ተነፍቶ ማስመለስ ከጀመሩ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ሐኪሞቹ «አንጀቷ ተዘግቷል፤ ኦፕራሲዮን አይሆንም» ብለዋችኋል። አንቺም «ታዲያ እያየናት በረሃብ ትሙት? ወይስ አዲስ አበባ እንውሰዳት?» ብለሽ ጠየቅሽ።

እኔ እዚሁ ጅማ የምሠራ ነርስ ነኝ። ግን ይሄን በነርስነቴ ብቻ አልጽፍልሽም። ያሳደገችኝ አክስቴ የኦቫሪ ካንሰር ነበረባት፤ አንጀቷ ተዘግቶ ቤቴ ውስጥ ነው ያስታመምኳት። መድኃኒቱንም መጠኑንም የሚወስነው የእናትሽ ሐኪም ነው። እኔ ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ ልንገርሽ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። አክስቴ አራት ቀን ሽንት ቤት ሳትወጣ ስትቀር «ሞርፊኑ ነው ያደረቃት» አልኩ። ሞርፊን በእርግጥም ሆድ ያደርቃል። ጠዋት ተልባ በጠበጥኩላት፤ ማታ ሰነ መኪ አፍልቼ አጠጣኋት። ነርስ ሆኜ! ሌሊቱን ሙሉ ቁርጠቱ ሲያንፈራግጣት አደረ። ተልባ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል። ሰነ መኪ ደግሞ አንጀትን ይገፋል። መውጫው ዝግ ከሆነ ወዴት ነው የሚገፋው? በማግስቱ አንድ ክሊኒክ ወስጃት ለማስመለሱ ብለው ፕላሲል ወጓት። እሱም አንጀት የሚያንቀሳቅስ መድኃኒት ስለሆነ ጭራሽ ባሰባት።

ስለዚህ ቁልፉ ጥያቄ «ጋዝ ይወጣቸዋል?» የሚለው ነው። እየወጣ ከሆነና ቁርጠት ከሌለ መዘጋቱ በከፊል ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፕላሲል ሊጠቅም ይችላል። ጋዙም ሰገራውም ቀጥ ብሎ ሆዳቸውን የሚቆርጣቸው ከሆነ ግን ፕላሲልም፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም፣ ተልባም ይቅር። አንዳንዴ ደግሞ ዝጋቱ የደረቀ ሰገራ ብቻ ይሆናል። ሐኪሙ ሆዱን ዳስሶ፣ በፊንጢጣ በኩል መርምሮና ራጅ አንስቶ ይለየዋል። ይህ ካልተደረገ ይደረግላቸው።

ኦፕራሲዮኑን በተመለከተ «የተዘጋው አንድ ቦታ ነው ወይስ ብዙ ቦታ?» ብለሽ ጠይቂ። አንድ ቦታ ከሆነና አቅም ካላቸው መቅደድ ወይም አንጀቱን በሆድ በኩል አውጥቶ ከረጢት መግጠም ይቻላል። ያኔ ሌላ ሐኪም ዘንድ መሄድም ያዋጣል። ካንሰሩ ግን እንደ ተበተነ ጤፍ አንጀቱን እዚህም እዚያም ይዞት፣ ሆድ ውኃ ቋጥሮ፣ ሰውነት ከስቶ ከሆነ አንዱን ሲፈቱት ሌላው ይዘጋል። ቁስሉም አይሽርም። እንዲህ ከሆነ እያስመለሳቸው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መኪና ላይ ማንገላታቱ ለእኔ አይታየኝም። አዲስ አበባም ያው መልስ ነው የሚጠብቃችሁ።

መክፈቱ ካልሆነ ማሳረፍ አለ። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም።

«ምንም ሳትበላ ምኑን ነው የምታስመልሰው?» ብለሻል። ምራቅ፣ የጨጓራ ፈሳሽ፣ ሐሞትና አንጀት የሚያመነጨው ሁሉ ተደምሮ በቀን ከ7 እስከ 8 ሊትር ይደርሳል። ደህና አንጀት መልሶ ይመጠዋል። የተዘጋው ግን ያጠራቅመዋል፤ ሲሞላ በላይ ይመጣል። መድኃኒቶቹም የሚታዘዙት ይሄን ፈሳሽ ለመቀነስ፣ ቁርጠቱን ለማላላትና ማቅለሽለሹን ለማጥፋት ነው።

ቡስኮፓን ቁርጠቱን ያላላል፣ ፈሳሹንም ይቀንሳል። ለዚህ ችግር በቀን ከ60 እስከ 120 ሚሊ ግራም ተከፋፍሎ ይሰጣል። ሲያማቸው ብቻ አንዲት ባለ 20 መርፌ ተወግተው «ቡስኮፓን አልሠራላትም» ሲባል ስሰማ እናደዳለሁ። ለማቅለሽለሹ ሃሎፔሪዶል አለ። «ይሄ እኮ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው» ብሎ የሚያስደነግጥሽ ሰው አይጠፋም። በትንሽ መጠን፣ በቀን ከ1.5 እስከ 5 ሚሊ ግራም፣ ማቅለሽለሽን በደንብ ይይዛል። ዴክሳሜታዞን ዕጢው አካባቢ ያለውን እብጠት ሊቀንስ ይችላል። አራት አምስት ቀን ይሞከራል፤ ካልረዳ ይቆማል። ጠዋት ይሰጥ፤ ማታ ከሆነ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ስኳር ካለባቸው አስቀድመሽ ተናገሪ። ለሕመሙ ያው ሞርፊን ነው።

ልብ በይ፣ ይሄ ሁሉ በአፍ አይደለም። የዋጡት ወይ ይመለሳል ወይ እዚያው ተኝቶ ይቀራል። ደም ሥር ፍለጋ በየቀኑ መወጋጋትም አያስፈልግም። ቢራቢሮ የምንላት ቀጭን መርፌ ከቆዳ ሥር፣ ክንድ ወይም ደረት ላይ ትገባለች። ቦታው ካልቀላና ካላበጠ ለቀናት ትቆያለች። መድኃኒቱ በእሷ በኩል ስለሚሰጥ ቤተሰብ ከተማረ ቤት ውስጥ መስጠት ይችላል።

ጥያቄሽ ሥር አስተያየት ከሰጡት አንዱ ኦክትሮታይድ የሚባል መድኃኒት ከውጭ አስመጡ ብሏል። ፈሳሽ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን በጣም ውድ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 87 ሕመምተኞችን ይዞ ነበር። ሁሉም ዴክሳሜታዞንን ጨምሮ ሌላውን መድኃኒት እያገኙ፣ ግማሾቹ ኦክትሮታይድ ተጨመረላቸው። ሳያስመልሱ በዋሉባቸው ቀናት ከሌሎቹ አልተሻሉም። ለእሱ ብላችሁ በሬ አትሽጡ።

በአፍንጫ ወደ ጨጓራ ገብቶ ፈሳሹን የሚያወጣው ቱቦ ሆዱ በጣም ሲሞላ፣ ማስመለሱም እንደ ሰገራ ሲሸት ትልቅ እፎይታ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ፊታቸው ሲፈታ ታያለሽ። ግን አፍንጫ ያቆስላል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። መድኃኒቱ ሠርቶ የሚወርደው በቀን ከአንድ ሊትር በታች ሲሆን «ይውጣላት?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙዎቹ ቱቦውን ተሸክመው ከመዋል በቀን አንዴ ማስመለሱን ይመርጣሉ። አክስቴም እንደዚያው።

አሁን ወደ ምግቡ። ጅማ ውስጥ የታመመ ሊጠይቅ ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ ሾርባው በር ላይ ይሰለፋል። «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» እየተባለ ይጎረሳል። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ይወጣል፤ ጠያቂው ሄዷል፣ ባልዲውን የያዝሽው አንቺ ነሽ። እኔ የዕድር ሴቶችን በሩ ላይ ማስቆም ግድ ሆኖብኝ ነበር። «ጨካኝ» ተባልኩ፤ ይባል። እዚህ ደረጃ ላይ ሰውነት ምግቡን አይጠቀምበትም። እናትሽን ያከሳቸው በሽታው ነው፤ አንቺ ስላልጎረስሽ አይደለም። ካማራቸው ትንሽ ትንሽ ፉት ይበሉ፤ ብርቱካንም መጠው ይትፉ። አክስቴ አልጋዋ አጠገብ ቡና እንዲቆላላት ትፈልግ ነበር። ከአቦሉ ሁለት ጊዜ ፉት ትላለች። አንዳንዴ ይመለሳል። «ይመለስ፣ አንዴ ቀምሼዋለሁ» ትለኝ ነበር።

«ግሉኮስ ይተከልላት» የሚለውም ይመጣል። በቀን አንድ ሊትር ገደማ ሊረዳ ይችላል። ከዚያ በላይ ሲበዛ ግን ተመልሶ ሆድ ውስጥና እግር ላይ ይጠራቀማል። አፍ መድረቁን ግሉኮስ አያጠፋውም። በየሰዓቱ በእርጥብ ጨርቅ አፋቸውን አርጥቢ፣ ከንፈራቸውን ቫዝሊን ቀቢ፣ ከተገኘ ትንሽ በረዶ ይምጠጡ።

ድንገት የማያቋርጥ ኃይለኛ ሕመም ከመጣ፣ ሆዳቸው እንደ ጣውላ ከደረቀ ወይም ትኩሳት ከያዛቸው አንጀቱ ተበስቶ ሊሆን ይችላልና ሳትውይ ሳታድሪ ለሐኪሙ ንገሪ።

ስንት ጊዜ አላት ላልሽው አልዋሽሽም። ጨርሶ ከተዘጋና ኦፕራሲዮን ከሌለ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ነው፤ አንዳንዴ ወራት። ሩቅ ያለው ወንድምሽ «ለዓመት በዓል እመጣለሁ» ካለ አሁኑኑ ይምጣ በይው።

ነገ ከሐኪሙ ጋር ስታወሪ ይሄን ይዘሽ ግቢ። መድኃኒቱ ከታዘዘና ቤት ከወሰዳችኋቸው በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ሰቃ ሩቅ አይደለም፤ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ ቢራቢሮዋን እንዴት እንደምትይዢ አሳይሻለሁ።