ጥያቄና መልስ፦ ያለጊዜው የተወለዱ ሕፃናት ክትትልና ወጪ

አንዲት እናት ያለጊዜው የተወለደች ልጃቸው ክትባት መቼ እንደምትጀምር ጠይቀዋል። ሐኪሟ በልዩ ምክንያት ካላዘገየው በቀር፣ ክትባት የሚቆጠረው ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ነው።

በ26ኛው ሳምንት የተወለደ የልጅ ልጃቸው 9 ወር ሞልቶት አለመቀመጡ ያሳሰባቸው አያት፣ የጎረቤት እኩያው መዳህ መጀመሩን ጽፈውልናል። የጎረቤትን ልጅ ለጎረቤት ይተዉት። ሕፃኑ ከጊዜው 14 ሳምንት ቀድሞ ስለመጣ፣ እድገቱ የሚለካው 6 ወር እንዳልሞላው ልጅ ነው፤ ይህ ስሌት እስከ 2 ዓመቱ ያገለግላል። ሐሳብ ከገባዎት በቀጣዩ ቀጠሮ ያንሡት።

አንድ አባት ደግሞ ከወራት በኋላ ልጃቸውን ከጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል ይዘው እንደወጡ ገልጸው፣ ትልቁን ሂሳብ ከፍለው ከጨረሱ ወዲህ ወጪው እንደማንኛውም ልጅ ይሆን እንደሆነ ጠይቀዋል።

እንኳን ደስ አለዎት፤ መልሱ ግን እንደተመኙት አይደለም። ከ28 ሳምንት በፊት ለተወለደ ሕፃን ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው የሆስፒታል ቆይታ መሆኑ እውነት ነው፤ የመተንፈሻ መሣሪያው፣ በደም ሥር የሚሰጠው ምግብና የነርሶቹ የቀንና የሌሊት ጥበቃ የሚከፈልባቸው ያን ጊዜ ነውና። ከዚያ በኋላ ወጪው እየቀነሰ ቢሄድም በጊዜው ከተወለደ ልጅ ጋር ቶሎ አይስተካከልም። በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ዳግም ሆስፒታል መግባት የተለመደ ሲሆን፣ ሌላውን ልጅ በጉንፋን ብቻ የሚያልፍ ቫይረስ ለሳምንታት በኦክስጅን የኖረን ሳንባ አልጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ደረሰኝ የማይቆረጥለት ወጪ ነው። የዓይን፣ የጆሮ፣ የሳንባና የእድገት ክትትል ቀጠሮዎች በተለያዩ ቀናት ሲወድቁ፣ ከወላጆች አንዱ ከሥራ መቅረት፣ አልፎም ሥራውን መልቀቅ ግድ ይሆንበታል፤ ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ቀድሞ የሚሰረዘው «ልጁ ደህና ነው» የተባለበት ቀጠሮ ነው። ስለዚህ ቀጠሮዎቹ በአንድ ቀን እንዲሆኑልዎ ሳያፍሩ ይጠይቁ። ሲወጡ የተሰጥዎትን የሕክምና ማጠቃለያም፣ የትውልድ ክብደቱ፣ በኦክስጅን የቆየበት ጊዜና የጭንቅላት አልትራሳውንድ ውጤቱ መጻፋቸውን አረጋግጠው፣ ከእጅዎ አይለዩት። ድንገተኛ ክፍል የሚያገኙት ተረኛ ሐኪም ልጅዎን አያውቀውም፤ ወረቀቱ ከሌለ የተሠራው ምርመራ እንደገና ይታዘዛል፣ እንደገናም ይከፈልበታል።

በመጨረሻ፣ «ልጃችን ብርሃን ይከተላል፤ ውዱ የዓይን ምርመራ ይቅር?» ላሉት ባልና ሚስት፦ አይቀርም። ያለጊዜው በተወለደ ሕፃን የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) የደም ሥሮች አድገው ስላላለቁ ተዛብተው ሊያድጉና ሬቲናውን ከቦታው ሊያላቅቁ ይችላሉ፤ ይህ ደግሞ በውጭ አይታይም። ሕክምና የሚያስፈልገው ደረጃ ላይ ከደረሰ በቀናት ውስጥ በሌዘር ወይም በመርፌ መታከም አለበት፤ ካለፈ የጠፋው ብርሃን አይመለስም። የዓይን ሐኪሙ ራሱ «የደም ሥሮቹ አድገው አልቀዋል» እስኪላችሁ ድረስ አንድም ቀጠሮ አትዝለሉ፤ ያለፋችሁም ካለ ነገ ጠዋት ሂዱ።