ዴልሂ ላይ ሜትሮው አያስቸግርም፣ ቀኑ ነው ጉዱ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ዛሬ ገና አየሁት። አባትህን ከፍኖተ ሰላም ለህክምና ህንድ፣ ዴልሂ ልትወስዳቸው ነው። ሲመለሱ ከከተማው ወደ ኤርፖርት በምድር ውስጥ ባቡሩ (በሜትሮው) ይሻላል ወይስ በታክሲ ነው ያልከው። እኔ እናቴን ለጉልበቷ ከደብረ ማርቆስ ወስጄ አምስት ሳምንት ተቀምጬ መጥቻለሁ። የቪዛውን ነገር ጨርሰሃል ብዬ ልለፈው።

1. በሜትሮ ሂዱ። ካርታው ላይ ብርቱካናማ ቀለም ያለው መስመር ነው፣ ኤርፖርት ኤክስፕረስ ይሉታል። ከኒው ዴልሂ ጣቢያ ተነስቶ በ20 ደቂቃ ግድም ተርሚናል 3 ያደርስሃል። አብዛኛው መንገድ ከመሬት በታች ነው። መሀል ላይ ብቅ ይልና ተመልሶ ይገባል። የሻንጣ መደርደሪያም አለው። እኛ ስንገባ በታክሲ መጥተን ሁለት ሰዓት ሙሉ ትራፊክ ውስጥ ቆመናል። እናቴ ጉልበቷን ዘርግታ ማስቀመጥ እንኳ አልቻለችም።

ከእኔ በፊት ለጥያቄህ የመለሰልህ አንዱ «ያ መስመር ተበላሽቶ ተዘግቶ ነበር» ብሎ አስፈራርቶሃል። ውሸት አይደለም፣ ግን የድሮ ነገር ነው። በፈረንጆቹ 2011 ተከፈተ፣ በ2012 አጋማሽ ድልድዩ ላይ ችግር ተገኝቶ ተዘጋ፣ በ2013 መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። እኔ ሁለት ምሽት ተሳፍሬበታለሁ፣ ምንም አላየሁበትም። ጎጃም ተወልጄ ባቡር የማላውቀው ሰውዬ ዛሬ ጣቢያዎቹን በቃሌ እነግርሃለሁ፦ ኒው ዴልሂ፣ ሺቫጂ ስታዲየም፣ ዳውላ ኩዋን፣ ኤሮሲቲ፣ ከዚያ ኤርፖርት።

2. ካርታው ላይ «ተርሚናል 1» የሚል ሌላ የኤርፖርት ጣቢያ አለ፣ በሌላ መስመር ላይ። እዚያ እንዳትወርዱ። ዓለም አቀፍ በረራ ተርሚናል 3 ነው። ሁለቱ በእግር አይገናኙም።

3. እያንዳንዱ ጣቢያ በር ላይ ፍተሻ አለ። ዕቃ በማሽን ያልፋል፣ ሰውም ይዳሰሳል፣ ሴትና ወንድ ለየብቻ። እናቴ ከቤት ይዛው የመጣችው በሶ ተርፎ ስለነበር «አልጥልም» ብላ በላስቲክ ቋጥራ ያዘችው። ፈታሹ ዱቄቱን ሲያይ ፊቱ ተቀየረ። ቋጠሮውን ፈትቶ አሸተተው። ከዚያ ፈገግ አለና «ሳቱ!» አለ። ለካ እነሱም ቆልተው የሚፈጩት የእህል ዱቄት አላቸው። እናቴ እስከ ዛሬ ቡና ላይ ይህን ሳታወራ አትውልም።

ወደ ታች ስንወርድ ግን ተንቀሳቃሽ ደረጃውን አይታ ነጠላዋን ጨብጣ ቀጥ አለች። «አባይ በረሃን እንኳ በቀን ነው የምንወርደው፣ በዚህ ጨለማ ወዴት ነው የምታወርደኝ?» አለችኝ። ሊፍት አለ፣ ጠይቅ። አባትህ ከዘራ ከያዙ በደረጃው አትሞክሩት።

4. ቀኑ። ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን ያዝ።

ትኬታችን ላይ 16 ማርች 03፡15 ይላል። በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ መሆኑን አውቄያለሁ፣ እዚያ ላይ አልተሸወድኩም። ግን በኛ ሌሊት የቀኑ ጭራ ነው። የ16 ሌሊት ማለት 16 ውሎ ሲመሽ ያለው ነው። በነሱ ደግሞ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ይገለበጣል፣ ስለዚህ የ16 ሌሊት 9 ሰዓት እኛ የ15 ማታ የምንለው ነው። እኔ በ15 ማታ እናቴን እራት አብልቼ፣ ሻንጣ አስተካክዬ፣ ጥቅልል ብዬ ተኛሁ። አውሮፕላኑ ሄደ።

በ16 ማታ በሜትሮ ቀብረር ብለን ሄድን። እዚያ ተርሚናሉ በር ላይ የታጠቀ ጠባቂ ፓስፖርትና ትኬት ሳያይ ማንንም አያስገባም። ሰውዬው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ወረቀቱን አየ። «ይሄ ትናንት ሌሊት ሄዷል» አለ። ክው አልኩ። እናቴ «ምን አለ?» ትለኛለች፣ ምን ብዬ ልንገራት?

ትኬቱን ወደሸጠልን ቢሮ አዲስ አበባ ደወልኩ። ስሙን አልጠራም። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ተጽፎ የለም እንዴ? ማንበብ አትችልም?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ስትሸጥልኝ «የ16 ሌሊት ነው» ያለችኝ እኮ ራሷ ናት! የ15 ማታ ኤርፖርት ድረሱ ብትለኝ ምን ነበረበት? አንዲት ዓረፍተ ነገር እኮ ነች። ለሁለታችን የቀን ማስቀየሪያና ቅጣት ተብሎ የከፈልኩት ለመድኃኒት የያዝኩትን ዶላር ነው።

በዚህ ስነታረክ መሸ። የመጨረሻው ባቡር ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ እኛ ወደ ጣቢያው ስንመለስ ተዘግቷል። እናቴን ውጭ አግዳሚ ላይ ጋቢ አልብሼ አስቀመጥኳትና ታክሲ ልፈልግ ሄድኩ። ባለታክሲው መቸገሬን ስላወቀ የጠራውን ዋጋ ከፈልኩ። በማግስቱ ማታ እንደገና በዚያው ሜትሮ መጣን። ያ ፈታሽ እናቴን አውቋት በሶውን ሳይፈታ አሳለፋት።

እና ለጥያቄህ፦ በረራችሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ ትኬቱ ላይ ካለው ቀን በፊት ባለው ምሽት ነው የምትወጡት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሳያልፍ ባቡሩ ላይ ሁኑ። ሰዓትህንም እዚያ ስትደርስ 2 ሰዓት ተኩል ወደፊት አድርገው፣ ተኩሉን አትርሳ።

የትኬቱን ፎቶ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ቀኑን አብረን እናየዋለን። አባትህን እግዜር ይማርልህ።